«አይቶ እንዳላየ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ታሪክና ትክክለኛ አገባብ

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በትርጉም ሥራ ገና ጀማሪ በነበርኩበት ወቅት፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ምርመራ ሪፖርት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ሪፖርቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዕቃ ግምጃ ቤት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሲጎድል እንደ ነበረ ይዘረዝራል። ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንደኛው ላይ፣ ስለ ግምጃ ቤት ጠባቂው አለቆች፣ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነበረ። በውስጡም «ተርንድ ኤ ብላይንድ አይ» የሚል ፈሊጥ ይገኛል። እኔም «ብላይንድ» ማለት ዕውር፣ «አይ» ማለት ዓይን መሆኑን ብቻ ይዤ፣ ብዙም ሳልጨነቅ «አለቆቹ ጉድለቱን ሳያዩት ቀርተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ያነበበው የአማርኛውን ቅጂ ነበር። ግምጃ ቤት ጠባቂው ከሥራው ተሰናበተ። አለቆቹ ግን «ወደ ፊት በጥንቃቄ ይከታተሉ» የሚል ምክር ተሰጥቷቸው በየወንበራቸው ተቀመጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ጣታቸውን በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ሰውዬው የጻፈው አይተዋል ነው፤ አንተ የጻፍከው አላዩም ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። እኔም «ጋሼ፣ ምን ይሻላል?» ብዬ ብጠይቃቸው ውሳኔው ተፈጽሞ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ነበርና የሚመለስ ነገር አልነበረም።

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ ሌላ ፈሊጥ መምረጥ አልቻልኩም። በዚህ ጽሑፍ የፈሊጡን ታሪክ፣ አገባቡንና ወደ ቋንቋችን የሚመለስበትን መንገድ ለመመልከት እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የኮፐንሃገን ውሎ

ፈሊጡ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣው ስም የእንግሊዛዊው የባሕር ጦር መሪ የሆሬሽዮ ኔልሰን ነው። ኔልሰን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1794፣ በኮርሲካ ደሴት የካልቪን ምሽግ ለመያዝ በተደረገው ውጊያ፣ የጠላት ጥይት መሬቱን መትቶ ያስፈነጠረው አሸዋና ጠጠር ቀኝ ዓይኑን አገኘው። ዓይኑ ከውጭ ሲታይ እንደ ደኅና ዓይን ነበረ፤ ነገር ግን ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር እምብዛም የማያይ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1797፣ በቴነሪፍ ደሴት ላይ በሳንታ ክሩዝ ከተማ በተደረገው ውጊያ ቀኝ ክንዱን አጣ። በአንዳንድ ሥዕልና ፊልም እንደሚታየው በዓይኑ ላይ ጥቁር መሸፈኛ አድርጎ አያውቅም። በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ በረጅሙ ዓምድ አናት ላይ የቆመው ሐውልቱም መሸፈኛ የለውም።

በታኅሣሥ 1800 ሩሲያ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ፕሩሲያ የገለልተኛ መንግሥታትን የባሕር ንግድ በጦር ኃይል ለማስከበር ተስማሙ። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነበረችና የእነዚህ መንግሥታት መርከቦች ወደ ጠላቷ ወደብ ዕቃ እንዳያደርሱ እያስቆመች ትፈትሽ ነበር። ስለዚህ ስምምነቱን በራሷ ላይ እንደ ተነሣ ዛቻ ቆጠረችው። በመጋቢት 1801 በአድሚራል ሰር ሃይድ ፓርከር አዛዥነት፣ በኔልሰን ምክትልነት፣ አንድ የጦር መርከቦች ጓድ ወደ ባልቲክ ባሕር ላከች።

ውጊያው የተካሄደው ሚያዝያ 2 ቀን 1801 በኮፐንሃገን ፊት ለፊት ነው። ፓርከር ከከባዶቹ መርከቦች ጋር ራቅ ብሎ ቆመ፤ ኔልሰን ደግሞ ጥልቀት በሌለው ውኃ ለመግባት የሚችሉትን አሥራ ሁለት የጦር መርከቦች ይዞ ገባ። ከእነዚህ ሦስቱ ገና ከመጀመሪያው በአሸዋ ክምር ላይ ተቀረቀሩ። ጠዋት በአራት ሰዓት ገደማ የተጀመረው የመድፍ ልውውጥ ቀትር ካለፈም በኋላ አልበረደም። ዴንማርካውያን በጽናት ይዋጉ ነበር። ፓርከር ከነበረበት ርቀት የሚያየው ጢስና በችግር ላይ ያሉ መርከቦች የሰቀሏቸውን ምልክቶች ነበር። ከሰባት ሰዓት በኋላ ቁጥር 39 የሚባለውን የባንዲራ ምልክት አሰቀለ። ትርጉሙም «ውጊያውን አቁሙ» ማለት ነው።

በኔልሰን መርከብ በኤሌፋንት ላይ የነበረው የምልክት መኮንን ይህን አይቶ ለአለቃው አስታወቀ። ኔልሰን ቁጥር 16 የሚባለው፣ «ቀርባችሁ ተዋጉ» የሚለው የራሱ ምልክት አሁንም ተሰቅሎ እንደ ሆነ ጠየቀ። ተሰቅሏል ባሉት ጊዜም እንዳይወርድ አዘዘ። ከዚያም፣ በአጠገቡ ቆሞ የነበረው የወታደሮቹ አዛዥ ኮሎኔል ዊልያም ስቱዋርት እንደ ተረከው፣ ወደ መርከቡ አዛዥ ወደ ካፒቴን ቶማስ ፎሊ ዞር ብሎ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሰው አልፎ አልፎ ላለማየት መብት አለው የሚል ቀልድ ተናገረ። መነጽሩን በማያየው ዓይኑ ላይ አድርጎም ምልክቱ በእውነት አይታየኝም አለ።

ውጊያው ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ኔልሰን ለዴንማርኩ አልጋ ወራሽ ደብዳቤ ልኮ ተኩስ እንዲቆም አደረገ፤ ከሳምንት በኋላም የአሥራ አራት ሳምንት የጦርነት ማቆም ስምምነት ተፈረመ። በእንግሊዞች በኩል ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ወደ ሰባት መቶ የሚጠጉ ቆሰሉ። የዴንማርካውያን ጉዳት ከዚያ የከፋ ነበር። የውሉ ዋና አንቀሳቃሽ የነበረው የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ፓውሎስ ደግሞ ውጊያው ከመደረጉ ከጥቂት ቀናት በፊት በቤተ መንግሥቱ ተገድሎ ነበር። ወሬው ግን ገና ኮፐንሃገን አልደረሰም ነበር።

በዚያው ሰዓት ምልክቱን አይቶ የታዘዘ አንድ ሰው ነበር። ቀለል ያሉትን መርከቦች የሚመራው ካፒቴን ኤድዋርድ ሪዩ የበላዩን ትእዛዝ አክብሮ መርከቦቹን ማስወጣት ጀመረ፤ መርከቡ ጀርባዋን በሰጠች ጊዜ የመድፍ ጥይት መትቶ ገደለው። የታዘዘው ሞተ፣ ያልታዘዘው ድል አድርጎ ተመሰገነ። ቀኑ ለኔልሰን ባይቀና ኖሮ ያ ቀልድ ዛሬ የሚጠቀሰው በጦር ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ በሆነ ነበር።

ታሪኩና ፈሊጡ የሚለያዩበት

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን ስንተርክ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጉናል።

አንደኛው፣ ታሪኩ ለሕዝብ በሰፊው የታወቀው ኔልሰን በጥቅምት 1805 በትራፋልጋር ከሞተ በኋላ፣ በሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች አማካይነት ነው። ከእነርሱም መካከል ባለቅኔው ሮበርት ሳውዚ በ1813 ያሳተመው መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ ተነቧል። የታሪክ ምሁራን ስለ መነጽሩ የሚተረከው ሁሉ እንደ ተባለው መፈጸሙን ይከራከሩበታል። እንዲያውም የፓርከር ምልክት ለኔልሰን ማፈግፈግ ቢፈልግ በእርሱ እንዳይፈረድበት የተሰጠ ፈቃድ እንጂ ቁርጥ ትእዛዝ አልነበረም የሚሉ አሉ።

ሁለተኛው ደግሞ ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች ይበልጥ ይጠቅማል። ብዙ መጻሕፍት ፈሊጡ የተወለደው በዚያ ቀን ነው ይላሉ። ነገር ግን የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፈሊጡን ከ1698 ጀምሮ በጽሑፍ ያገኘዋል፤ ይህም ከኮፐንሃገን ውጊያ መቶ ሦስት ዓመት የቀደመ ነው። እንግዲህ ኔልሰን ፈሊጡን አልፈጠረውም፤ በሰው አፍ የነበረውን አባባል በገዛ አካሉ ተጫወተበት ማለት ይቀላል። ቀልዱ የሚያስቀውም አድማጩ አባባሉን አስቀድሞ ካወቀው ነው።

ታሪኩንና ፈሊጡን በጥሞና ያስተያየ ሰው ሌላም ልዩነት ያገኛል። በታሪኩ ውስጥ ያላየ የመሰለው የበታቹ ነው፤ ያለፈውም የአለቃውን ትእዛዝ ነው። በዛሬው የእንግሊዝኛ አነጋገር ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ የተገላበጠ ነው። ያላየ የሚመስለው አለቃው፣ ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ መንግሥቱ ነው፤ የሚታለፈውም የሌላ ሰው ጥፋት ነው። ስለዚህ ለተማሪ የኔልሰንን ታሪክ ብቻ ነግሮ አገባቡን ያውቃል ብሎ መተው አይገባም። ታሪኩ ፈሊጡን ለማስታወስ ይረዳል፤ ለማስረዳት ግን አይበቃም።

ሦስት ጥያቄዎች

በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ተማሪዎች ይህን ፈሊጥ በትክክል እንዲያገቡ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጠይቁ ማድረግ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሰውዬው ነገሩን ዐውቋልን? ስለ ነገሩ አንድ ነገር ለማድረግ ሥልጣን ወይም ግዴታ ነበረውን? ዐውቆና ችሎ ሳለ ለመተው መርጧልን? ለሦስቱም መልሱ «አዎን» ከሆነ ፈሊጡ በቦታው ገብቷል። አንዱ ከጎደለ ሌላ ቃል መፈለግ ይገባል።

ምሳሌ እናንሣ። የትምህርት ቤት ዘበኛ ልጆች አጥር ዘለው ሲወጡ እያየ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ እንበል። ዘበኛው አይቷል፤ ማስቆም ሥራው ነው፤ መተውን መርጧል። «ዘ ጋርድ ተርንድ ኤ ብላይንድ አይ» ማለት ይቻላል። በአንጻሩ አንድ ተማሪዬ፣ ሾፌሩ በጉም ምክንያት ቀይ መብራቱን ሳያይ አለፈ ለማለት ይህንኑ ፈሊጥ ጽፎ ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ ሾፌሩ አላየምና። የእኔም የዚያን ዘመን ስሕተት ከዚሁ ወገን ነው፤ እርሱ ባላየ ሰው ላይ ማየትን ጫነበት፣ እኔ ደግሞ ካዩት ሰዎች ላይ ማየትን አነሣሁላቸው። ሌላዋ ተማሪ ደግሞ የመንደሯ ሰዎች ጎርፍ ቤታቸውን ሲወስድ ቆመው ማየታቸውን ለመግለጽ ተጠቀመችበት። ሰዎቹ አይተዋል፤ ነገር ግን ጎርፉን ለማቆም አቅም አልነበራቸውም። ያለ አቅም ቆሞ መመልከት ሐዘን እንጂ አይቶ እንዳላየ መሆን አይደለም።

ፈሊጡ ሁልጊዜ ክስ ነው ማለት አይደለም። በዝናብ ቀን ዘግይተው የገቡትን ልጆች መምህሩ ስማቸውን ሳይመዘግብ ቢያሳልፋቸው በዚሁ ፈሊጥ ይነገራል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ወቀሳ ሳይሆን ርኅራኄ ነው። ክብደቱን የሚወስነው የታለፈው ነገር ነው። አምስት ደቂቃ መዘግየትን ማለፍና የሕዝብ ገንዘብ ሲወሰድ ማለፍ በአንድ ፈሊጥ ቢነገሩም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ስለ ቅርጹም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፈሊጡ የረጋ ነው። ዓይኑ ምንጊዜም ነጠላ ነው፤ አድራጊዎቹ መቶ ሰዎች ቢሆኑም «ብላይንድ አይስ» አይባልም። በፊቱ የሚቆመውም «ኤ» የሚለው መስተአምር ነው እንጂ «ሂዝ» አይደለም። «ሂዝ ብላይንድ አይ» ብሎ የጻፈ ሰው የፈሊጡን ትርጉም ትቶ እንደ ኔልሰን ስላለ፣ በእርግጥ አንድ ዓይኑ ስለ ታወረ ሰው የተናገረ ይመስላል። ቀጥሎ የሚመጣው መስተዋድድ «ቱ» ነው። ብዙ ተማሪዎቻችን «ፍሮም» ይላሉ፤ ይህም የሚሆነው ፊትን «ከ» አንድ ነገር ማዞር በሚለው በአማርኛው ሥዕል ስለሚያስቡ ነው። የእንግሊዝኛው ሥዕል ተቃራኒ ነው፤ ሰውዬው ዓይኑን ከነገሩ አያሸሽም፤ የማያየውን ዓይን መርጦ ወደ ነገሩ ያዞራል።

ከጎረቤቶቹም መለየት ይገባል። «ደፍ ኢር» ማለትም የደነቆረ ጆሮ የሚለው እህት ፈሊጥ ልመናን፣ ምክርንና አቤቱታን ለማይሰማ ሰው ነው፤ የዓይኑ ፈሊጥ ግን ለድርጊትና ለሁኔታ ነው። «ብላይንድ ስፖት» ደግሞ በድምፅ ቢቀርብም በትርጉም ይርቃል፤ እርሱ ሰው ሳያውቀው የማያየውን ጎኑን ያመለክታልና። «ከናይቭ» የሚለው ግሥ ከላቲን የመጣ ሲሆን በመነሻው ዓይንን መክደን ማለት ነበረ። በኋላ በእንግሊዝኛ በስውር መተባበርን ያዘ። የእነዚህ ቃላት ጉዞ አንድ ነገር ያሳያል፤ አይቶ ዝም ያለ ሰው ከተባባሪ የሚለየው ወሰን ስስ መሆኑን ሕዝብ በቋንቋው ሲመሰክር ኖሯል።

ፈሊጡ በፍርድ ቤት

ይህ ወሰን በሕግም ተመርምሯል። የእንግሊዝ ዳኞች በኔልሰን ታሪክ መነሻነት «ብላይንድ አይ» የሚባል የዕውቀት ዓይነት ለይተዋል። ከታወቁት ፍርዶች አንዱ የጌቶች ምክር ቤት በጥር 2001 «ስታር ሲ» በተባለች የጭነት መርከብ ጉዳይ የሰጠው ነው።

መርከቧ በ1990 በሞተር ክፍሏ እሳት ተነሥቶባት ከጥቅም ውጪ ሆነች። አዛዧ የእሳት ማጥፊያ ጋዙን በጊዜና በሚገባ ለመጠቀም አላወቀም ነበር። በእንግሊዝ የ1906 የባሕር መድን ሕግ መሠረት ባለንብረቱ መርከቢቱ ለጉዞ ብቁ አለመሆኗን እያወቀ ከላካት መድን ሰጪው በዚያ ምክንያት ለደረሰው ጉዳት አይከፍልም። ከዚያ በፊት በአንድ አስተዳደር ሥር በነበሩ ሌሎች ሁለት መርከቦች ላይ ቃጠሎ ደርሶ ነበርና፣ መድን ሰጪዎቹ ባለንብረቶቹ ጉድለቱን አይተው እንዳላዩ አልፈዋል ሲሉ ተከራከሩ። የመጀመሪያው ዳኛ ተቀበላቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው፤ የጌቶች ምክር ቤትም መሻሩን አጸና።

ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ስኮት የኮፐንሃገኑን መነጽር አንሥተው፣ ኔልሰን በደኅናው ዓይኑ ቢመለከት ምን እንደሚያይ ዐውቆ ነው በማያየው ዓይኑ ላይ ያደረገው ሲሉ አስረዱ። እንግዲህ አንድን ሰው በዚህ ለመክሰስ ሰነፍ ነበር ማለት አይበቃም፤ ሊጠይቅ ይገባው ነበር ማለትም አይበቃም። በአንድ በታወቀ ጉዳይ ላይ የጸና ጥርጣሬ በልቡ አድሮ፣ እርግጡን እንዳያውቅ ሲል ሆን ብሎ ከመጠየቅ መቆጠቡ መታየት አለበት። ባለንብረቶቹ ቸልተኞች ቢሆኑም እስከዚህ ድረስ ሄደዋል ለማለት ማስረጃው አልበቃም ተባለ።

የማኅበራችን አባላት ይህን ፍርድ ቢያነቡ እላለሁ። ቸልተኝነትንና አይቶ እንዳላየ መሆንን የሚለየው መስመር በክፍል ውስጥ የሰዋስው ጥያቄ ይመስላል፤ በችሎት ግን አንዲት መርከብ የሚያህል ገንዘብ ይቆምበታል።

በገዛ ታሪካችን ሲፈተን

በ1935ና በ1936 አገራችን ላይ ስለ ደረሰው ወረራ የሚጽፉ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ዓለም ሁሉ ይህን ፈሊጥ እንደ ፈጸመብን ይናገራሉ። ስሜቱ የኛም ነው። ግን አስተማሪ ነንና ፈሊጡን በሦስቱ ጥያቄዎች እንፈትነው።

ኢጣሊያ ጥቅምት 3 ቀን 1935 ወረራ ጀመረች። የመንግሥታት ማኅበር በዚያው ወር ወራሪነቷን በግልጽ አስታወቀ፤ ከኅዳር 18 ቀን ጀምሮም የንግድ ቅጣት ጣለባት። ነገር ግን ነዳጅ ዘይት ከቅጣቱ ውጪ ተደረገ፤ የስዌዝ ቦይም ወታደርና መሣሪያ ለጫኑ የኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። እዚህ ላይ ፈሊጡ በትክክል ይገባልን? በጥብቅ ከተመለከትነው አይገባም። ማኅበሩ ወረራውን ያላየ አልመሰለም፤ አይቶ፣ ፈርዶ፣ ከዚያ በሚጎዳው ስፍራ ለመምታት እምቢ አለ። ይህ ከፈሊጡ የከፋ ነው እንጂ ያነሰ አይደለም፤ ቃሉም «ከዳ» ወይም «ተወ» ቢሆን ይስማማል።

ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ የኢጣሊያ አየር ኃይል የሰናፍጭ ጋዝ በወታደርና በገበሬ ላይ አፈሰሰ። ኢጣሊያ ይህን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ውል ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። የኢትዮጵያ መንግሥት አቤቱታ ለማኅበሩ ደረሰ፤ የቀይ መስቀል ሐኪሞችም የተቃጠሉ ሰዎችን አከሙ። ጉዳዩ በጄኔቫ ቢነሣም ከቃል ያለፈ አዲስ ቅጣት አላስከተለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 30 ቀን 1936 በማኅበሩ ፊት ቆመው ይህንኑ ዘረዘሩ። በሐምሌ ወር የነበረው ቅጣትም ጭራሽ ተነሣ። እዚህ ላይ ፈሊጡ ወደ ስፍራው እየቀረበ ነው።

ሙሉ በሙሉ የሚገባው ግን ከጦርነቱ በኋላ ባለው ዝምታ ላይ ይመስለኛል። ስለ ጋዙ የሚናገሩ ሰነዶች በኢጣሊያ መዛግብት ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እንደ አንጄሎ ዴል ቦካ ያሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ጉዳዩን ሲያነሡ በአገራቸው ብዙ ተቃውሞ ደረሰባቸው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ሰነዱ በእጅ አለ፤ መክፈቻው በኪስ አለ፤ ሣጥኑ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ አልተከፈተም። ዕውቀት፣ ሥልጣንና ምርጫ ሦስቱም በአንድነት የሚገኙት እዚህ ነው።

ይህን የምለው የማንንም ጥፋት ለማቅለል አይደለም። አንድን ቃል ለሁሉም ጥፋት ካዋልነው ስለ ማንኛውም ጥፋት ምንም እንዳልተናገርን ይቆጠራል። የከዳውን «ከዳ»፣ የዋሸውን «ዋሸ»፣ አይቶ ያለፈውን ደግሞ «አይቶ አለፈ» ማለት የጸሐፊና የተርጓሚ ግዴታ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው

ቃል በቃል «ዕውር ዓይኑን አዞረ» ቢባል አማርኛ ተናጋሪ አይረዳውም። «ቸል አለ» ይቀርባል፤ ነገር ግን ሰው በስንፍናና በመርሳትም ቸል ይላልና የምርጫው ነገር ይጠፋል። «ዓይኑን ጨፈነ» የሚለው በጋዜጦቻችን አልፎ አልፎ ይታያል፤ ሆኖም በአማርኛ ዓይንን ጨፍኖ አንድ ነገር ማድረግ ብዙ ጊዜ ሳያመዛዝኑ በድፍረት መግባትን ስለሚያመለክት አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። የርኅራኄ በሆነው ስፍራ «እንዳላየ ሆኖ አለፈው» ወይም «በሆደ ሰፊነት አለፈው» ያምራል። ለጆሮው እህት ፈሊጥ ደግሞ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» የሚል ዕንቁ አለን፤ ዳባ የተባለውን የቆዳ ልብስ ለጆሮ ማልበስ የሚለው ሥዕል ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ሕያው ነው።

ለዋናው ትርጉም ግን «አይቶ እንዳላየ አለፈ» ከሚለው የሚስተካከል የለም። እንዲያውም በአንድ ነገር ከእንግሊዝኛው ይበልጣል። እንግሊዝኛው ጥፋቱን በታወረው ዓይን ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዓይነ ስውራን ግን በዚህ ነገር አንዳች ድርሻ የላቸውም። የኔልሰን የታወረ ዓይን ምንም አልበደለም፤ ምልክቱን ያየው ደኅናው ዓይኑ ነበር። አማርኛው ከሁሉ አስቀድሞ «አይቶ» ይላል። ዕውቀቱን በመጀመሪያ ያስመዘግባል፤ ማስመሰሉን ቀጥሎ ያመጣል፤ ሰውዬው እንዳያመልጥ በሁለት ቃል ይይዘዋል።

ያን ጊዜ ለእነዚያ አለቆች ማምለጫ በር የከፈትኩት እነዚህን ሁለት ቃላት ባለመጻፌ ነው። ቃላቱ ከልጅነቴ ጀምሮ በአፌ ነበሩ፤ ከእናቴ የተማርኳቸው ናቸው። የጎደለኝ እንግሊዝኛውን ከአንድ ጊዜ በላይ ማንበብና «ይህ ሰው ማለት የፈለገው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ዓረፍተ ነገሩ ትንሽ ከብዶኝ ነበር፤ መዝገበ ቃላቱም በጠረጴዛዬ ላይ ነበረ፤ ግን ሥራው እንዲያልቅ ቸኩዬ አልገለጥኩትም። የጌቶች ምክር ቤት መመዘኛ በእኔ ላይ ቢውል ቸልተኛ ተብዬ ልለቀቅ እችላለሁ። ከሥራው የተሰናበተው ግምጃ ቤት ጠባቂ ግን ይህን ልዩነት እንዴት እንደሚያየው እስከ ዛሬ አላውቅም።